አንድ ስም ብቻ

ሐሙስ ጠዋት ዴኦሊንዳ እንደ ወትሮዋ ከማንቂያው ደወል ቀድማ ነቃች። ራዲዮኑን ከፈተች፤ ዜናውን ልብ ሳትለው ፊቷን ታጠበችና ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። ማእድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሁለት ወንበር ብቻ ያስቀምጣል፤ ከየካቲት ወዲህ በአንደኛው ላይ ያልተተኮሰ ልብስ ይከመርበታል። ወተት አሞቀች፤ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ቅቤ ቀብታ ግማሹን በላች፤ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች። ስትወጣ መንገዷ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ጎራ አለች። ባለሱቋ ሳንቲሟን እየተቀበለች «ከሰኞ ጀምሮ ዋጋ ልንጨምር ነው፤ አስቀድሜ ልንገርሽ» አለቻት። «ዱቄት ተወደደ፤ መብራት ተወደደ። በነጻ የቀረን ፀሐይ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ቆጣሪ እስኪገጥሙ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ያሸንፋሉ ትያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ጫማቸውን ጠርጌላቸዋለሁ፤ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ» አለች ዴኦሊንዳ፤ ዳቦዋን ይዛ ወጣች።

ኡኒያው የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ስታዲየም ከሴቱባል ከተማ ወደብ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ ነው። አውቶቡሱ ከበሩ ፊት ሲያወርዳት ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን በግራጫ ሸራ ይሸፍኑ ነበር። ባንኩ ተሸፍኗል፤ የሰርዲን ፋብሪካው ተሸፍኗል፤ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ግማሹ ገና ይታያል። የአውሮፓው ውድድር የራሱ ከፋዮች ስላሉት የሌላ ሰው ስም በሜዳው ዙሪያ እንዲታይ አይፈቅድም። በመጸዳጃ ቤቶቹ የእጅ ማድረቂያ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ስም ሳይቀር ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«ዶና ሊንዳ፣ ፈጠን ብለው ይለፉ፤ እዚያው ከቆሙ እርስዎንም እንሸፍንዎታለን!» አላት አንደኛው ከላይ ሆኖ።

«እኔ ላይ ምን ማስታወቂያ አለ?»

«የመድኃኒት ቤቱንም ሸፈንነው እኮ» አለ ሌላው። «አሁን ጓደኛዬ ከዚህ ቢወድቅ የት እንደምወስደው በምን አውቃለሁ?»

«መጀመሪያ አንተ ሸራውን ወጥረህ ያዝ፤ ከዚያ እወድቅልሃለሁ። ምን ይደረግ፤ ሕጋቸው ነው።»

ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ በግቢው ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። የዋናው በር ጠባቂ ከልጅነቱ ጀምሮ በሚገባበት በር ዛሬ በአንገቱ ካርድ ካላንጠለጠለ አይገባም፤ ሕጋቸው ነው። ከጎሉ ጀርባ ቆመው ሲያዩ የኖሩ ሽማግሌዎች እዚያ ቦታ መቀመጫ ስለሌለ ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ያያሉ፤ ሕጋቸው ነው። ኡኒያው በሊጉ አምስተኛ ሆኖ ሲጨርስ ከተማው ሁለት ቀን ጥሩንባ ሲነፋ ሰነበተ። ቀጥሎ ግን ፈቃድ የሚባል ነገር መጣ፤ መብራቱ ይጨመር፣ ወንበሩ ይቆጠር፣ ባንክ ዋስ ይሁን ተባለ። ከዚያ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ሰው ዕጣ ሊያወጣ እጁን ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ከትቶ ትንሽ ኳስ አወጣና የሰሜን ኖርዌይ ክለብ ደረሳቸው። መጀመሪያ እዚህ፣ በሳምንቱ እዚያ፤ በሁለቱ ጨዋታ የጎል ድምር የበለጠው ወደ ቀጣዩ ማጣሪያ ያልፋል።

የትጥቅ ክፍሉ ከመልበሻ ክፍሉ ጎን ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ሁለት ትልልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች፣ አንድ ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያው የደረሰ መደርደሪያ፤ የሳሙናና የጡንቻ ማሻ ቅባት ሽታ። ባሏ ኤርኩላኑ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰው እዚህ ነው። የካቲት ላይ ማሊያ እያጠፈ ተቀመጠ፤ ከዚያ አልተነሳም። «ሰው እስክናገኝ ድረስ ብቻ» ብለው ዴኦሊንዳን ጠሯት፤ ቀድሞም በሥራ ብዛት ቀን እየመጣች ታግዘው ስለነበር መጣች፤ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። በሞተበት ሳምንት ጨዋታው ከከተማ ውጭ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በሜዳቸው ሲጫወቱ የኅሊና ጸሎት ይደረግለት ሲባል የሟቹ ታናሽ ወንድም ፋውስቱ፣ የክለቡ ዋና ጸሐፊ፣ እጇን ይዞ «አሁን አይደለም» አላት። «እዚህ ለማንም ይደረጋል። አውሮፓ ከገባን የመጀመሪያው ጨዋታ ለእሱ ይሆናል። መላው አህጉር ቆሞ ስሙን ይስማ። ለወንድሜ ይህን ሳላደርግ አልቀርም።» እሷ አልጠየቀችውም ነበር። ከተናገረው በኋላ ግን ትጠብቀው ጀመር።

ዛሬ ከማሊያዎቹ ጎን በወረቀት ከረጢት ውስጥ ጥቁር የክንድ ማሰሪያዎች አሉ። ሌሎች ክለቦች ሐዘን ሲሆን በተጫዋቹ እጅጌ ላይ ጥቁር ፕላስተር ይጠመጥማሉ። ኤርኩላኑ ይህን አይወድም ነበር፤ ማስቲኩ ማሊያው ላይ ይቀራል፤ ሲታጠብም አይለቅም። እሷ ከመርፌና ክር ሱቅ የሚለጠጥ ጥቁር ጨርቅ ገዝታ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ክንድ እንደሚሆን እየገመተች በእጇ ሰፋቻቸው። የግብ ጠባቂው ክንድ ወፍራም ስለሆነ የእሱን ሰፋ አድርጋዋለች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የቅድመ ጨዋታ ስብሰባ ነበር። ውድድሩ በሚካሄድበት አገር ሁሉ፣ በጨዋታው ዕለት ጠዋት፣ ሁለቱ ክለቦችና ዳኞቹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ኡኒያው ለዚህ ያዘጋጀው ክፍል ዋንጫዎቹ ያሉበትን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ልደት ይከራያል፤ ከጣሪያው ጥግ ላይ የተረሳ የፊኛ ክር ተንጠልጥሏል። በጠረጴዛው ራስ የጨዋታው ኮሚሽነር፣ ኪርሲ የምትባል ፊንላንዳዊት ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ከእሷ ቀጥሎ ዳኞቹ፣ ኖርዌዮቹ፣ የፖሊስ አዛዡ፣ የአምቡላንሱ ኃላፊ፣ የቴሌቪዥኑ ሰው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። ፋውስቱ በወጣትነቱ ወደብ ላይ ከመርከብ ወኪሎች ጋር ስለሠራ ቋንቋውን ይችላል፤ ለፖሊሱ፣ ለአምቡላንሱ ኃላፊና ለዴኦሊንዳ እያስተረጎመ፣ አዲስ ከረባት አስሮ ተቀምጧል።

ኪርሲ ሁሉንም ነገር በደቂቃ ከፋፍላ አስረዳች፤ ቡድኖቹ መቼ ከመልበሻ ክፍል እንደሚወጡ፣ በመተላለፊያው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆሙ፣ የውድድሩ መዝሙር መቼ እንደሚጀመር፣ ሳንቲሙ መቼ እንደሚወረወር። ቡድኑን ያዘገየ ክለብ ይቀጣል። ፋውስቱ ይህን ሲተረጉም የፖሊስ አዛዡ ወደ ዴኦሊንዳ ጠጋ ብሎ «ባለቤቴም እንደዚህ ናት» አላት። ቀጥሎ የማሊያዎቹ ተራ ደረሰ። አርቪድ የሚባለው የኖርዌዮቹ ትጥቅ ያዥ፣ ፊቱ በሐምሌ ፀሐይ የቀላ ግዙፍ ሰው፣ ሰማያዊውን ማሊያ፣ ቁምጣና ካልሲ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ዴኦሊንዳ ከጎኑ የኡኒያውን አረንጓዴና ነጭ ዘረጋች። ዳኛው ራቅ ብሎ ቆሞ ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ አየ። የኖርዌዩ ግብ ጠባቂ ቢጫ ከዳኞቹ ቢጫ ጋር ስለሚመሳሰል ዳኞቹ ቀዩን እንዲለብሱ ተስማሙ። አርቪድ የእሷን ማሊያ አተኳኮስ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አውራ ጣቱን አነሳላት።

ኪርሲ መነጽሯን አውልቃ ሌላ ጉዳይ እንዳለ ጠየቀች። ፋውስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። ዴኦሊንዳ የወረቀት ከረጢቱን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ፋውስቱ ረዘም አድርጎ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ክንዱን አሳየ። ከተናገረው ሁሉ ውስጥ ለእሷ የታወቀው አንድ ስም ነበር፤ ቫላዳሬስ። የክለቡ የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ የሰርዲን ፋብሪካው ባለቤት ሴኞር ቫላዳሬስ እሑድ ዕለት በተኙበት አርፈዋል። መጥፎ ሰው አልነበሩም። ለገና ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ካርቶን ሰርዲን ይልኩ ነበር። ዴኦሊንዳ የሚቀጥለውን ስም ለመስማት ጠበቀች።

ኪርሲ ራሷን ነቀነቀች፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ቀና ብላም ፋውስቱን «አንድ ብቻ?» አለችው። «ከፈለጋችሁ መጨመር ይቻላል።»

ዴኦሊንዳ እንግሊዝኛ አትችልም። ነገር ግን ከወንዙ ማዶ ትሮያ ባለው ሆቴል ቁርስ ቤት ለብዙ ዓመት ሠርታለች፤ እንግሊዞቹ ሳሕናቸውን ዘርግተው ሲቀርቡ እንቁላሉን በጭልፋ እያነሳች የምትናገረው እነዚህኑ ቃላት ነበር። አንድ ብቻ? ከፈለጉ መጨመር ይቻላል። የአስተናጋጆቹ አለቃ አስጠንተዋት፣ አፏ ላይ እስኪለሰልስ ድረስ ያስደግሟት ነበር። አሁን ቃላቱ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጡ ጭልፋውን የያዘች መሰላት።

«አንድ ብቻ» አለ ፋውስቱ። ይህን ጥያቄና መልስ አልተረጎመውም። ወደ እሷም አላየም። ኪርሲ ወረቀቷን ሰበሰበችና ሁሉንም አመሰገነች፤ ወንበሮቹ ተንኳኩ።

ፋውስቱ በኮሪደሩ ላይ ደርሶባት ክንዷን ያዘ። «ሊንዳ፣ ሰማሽ አይደል... ቫላዳሬስ ድንገት ሞቱብን። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ስም ነው የሚሉት። ምን ላድርግ? ሕጋቸው ነው።»

«እሺ» አለች።

«ማሰሪያዎቹ አይባክኑም፤ ያው ይታሰራሉ።»

«አዎ፤ ይታሰራሉ።»

ሊዝበን መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ኔልያ እኩለ ቀን ላይ ደወለች። ከኋላዋ ደንበኛ ሲያስል ይሰማል። «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የአባዬን ስም የሚጠሩት? ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ከቴሌቪዥን ላይ በስልኬ ልቀርጸው ነው።» ዴኦሊንዳ የካልሲዎቹን ጥንድ እያገናኘች ነበር። «ከመዝሙሩ በኋላ ነው፤ ኳሱ ከመመታቱ በፊት» አለች። ጥያቄው ስለ ሰዓቱ ነበር፤ እሷም ሰዓቱን መለሰች። «ምሳ በላሽ?» አለች ልጅቷ። «አጎትሽ ሊጋብዘኝ ነው።» «አጎቴ? ታዲያ ፎጣ ያዢ፤ ዛሬ በደስታ የሚያለቅስ እሱ ነው» ብላ ሳቀች።

ፋውስቱ ከስታዲየሙ ጀርባ ወዳለው ምግብ ቤት ወሰዳት። ግድግዳው ላይ የኡኒያው የድሮ ቡድኖች ፎቶ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ምንጣፍ፤ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ዋጋ፤ የተጠበሰ ሰርዲን ከድንች ጋር ዘጠኝ ዩሮ። በቀደም ሰባት ተኩል ነበር። ባለቤቱ ሳሕን እያስቀመጠ «ኖርዌዮች ዋጋው ረከሰልን ብለው ሁለት ሁለት እያዘዙ ነው፤ እናንተ እንደ ጠላት አታፍጡብኝ፤ ለጎረቤት ዳቦው በነጻ ነው» አለ። ፋውስቱ ከልክ በላይ ሳቀ። ስለ አዲሱ መብራት አወራ፤ ለበር ጠባቂው ካርድ ማሠራት እንዴት እንዳስቸገረው አወራ፤ ከዚያ ወሬው አለቀበት። እሷ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየች ቆየች። ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመቱ ሳለ እናቱ ሞታ እሷ ቤት ነው ያደገው። ትምህርት ቤት ሲሄድ ሸሚዙን የምትተኩስለት እሷ ነበረች፤ ሲዋሽ ሁልጊዜ ከሚጠየቀው በላይ ይናገራል።

«ያቺ ሴትዮ ስለ ስሙ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው። ድምጿን እንደ ተራ ጥያቄ አደረገችው። መንገዱን ልትከፍትለት ፈልጋ ነበር።

ፋውስቱ አፉን ጠረገ። «ምን ትላለች! ለመንኳት እኮ። ወንድሜ ነው፤ ለክለቡ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው አልኳት። አይሆንም አለች። አንድ ስም። እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም፤ ሕግ ብቻ ነው ያላቸው።»

«ለመንካት?»

«በእናቴ! እዚያው አጠገብሽ።»

ዴኦሊንዳ ዳቦ ቆረሰች። ርቧት አልነበረም፤ እጇ የሚሠራው ነገር ፈልጎ ነው። ሒሳቡን እሱ ከፈለ።

ከሰዓት በኋላ መልበሻ ክፍሉን አዘጋጀች። ማሊያዎቹን በየመስቀያው አንጠለጠለች፤ የውሃ ጠርሙሶቹን የፋብሪካ ስም ላጠች፤ በእያንዳንዱ ማሊያ ሥር ቁምጣውን አጥፋ በላዩ ላይ ጥቁር ማሰሪያውን አስቀመጠች። እየሠራች ሳለ ኪርሲ ብቻዋን ገባች። ማየት ያለባትን አየች፤ በመጨረሻ አንዱን ማሰሪያ አንስታ ስፌቱን ገለበጠች። ወደ ዴኦሊንዳ ጥቁር ቀሚስ፣ ከዚያ ወደ ፊቷ ተመለከተችና በቀስታ፣ ለልጅ እንኳ በሚገባ እንግሊዝኛ፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው ብላ ጠየቀቻት። ዴኦሊንዳ ራሷን ነቀነቀች። ኮሚሽነሯ አልሄደችም። የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ አለቻት።

የስታዲየሙ አስተዋዋቂ ስሙን እስኪያነብ ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል። ዴኦሊንዳ የሚያስፈልጓትን ቃላት ታውቃለች፤ ሁለት ናቸው። አንድ ይጨመር። ሆቴል ውስጥ በየቀኑ ትሰማቸው ነበር፤ ሰው ሳያፍር፣ ሳሕኑን ብቻ ዘርግቶ ይላቸዋል። ምላሷ ላይ ደርሰው ነበር። በዚህ መሐል ፋውስቱ በሩ ላይ ቆመ። ሁለቱን ሴቶች ሲያይ የያዘውን ወረቀት ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ዴኦሊንዳ ጠበቀችው። አሁን አንድ ቃል ቢናገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ ጠዋቱንም ምሳውንም እንዳልነበረ ልታደርግለት ትችል ነበር። ሚስቱ ለምና ያስጠራችው ስም ኤርኩላኑን አያከብረውም። የሚጠራው ክለቡ መሆን አለበት፤ ወንድሙ መሆን አለበት። ፋውስቱ ሰዓቱን አየ። ለኪርሲ የኖርዌዮቹ አውቶቡስ ደርሷል አላት። ኪርሲ ማሰሪያውን በነበረበት ቦታ አስተካክላ አስቀመጠችና ወጣች።

ተጫዋቾቹ ሲገቡ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። አንዱ የኖርዌዮቹን ቁመት አይቶ «እነዚህን የወለዷቸው ሴቶች ናቸው ወይስ ጥድ ዛፎች?» አለ። «አንተ አትጨነቅ፤ በእግራቸው መሐል ታልፋለህ» አለው ግብ ጠባቂው። አምበሉ ጄርሶን፣ ቤተሰቦቹ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ፣ ገና በልጅነቱ ኤርኩላኑ ጫማ እያዋሰው ያደገ ልጅ፣ ማሰሪያውን ክንዱ ላይ አወጣና ወደ እሷ መጣ።

«ዶና ሊንዳ፣ ያምራል። የእሱን ስም ስሰማ አላለቅስም ብዬ ለሚስቴ ቃል ገብቻለሁ፤ እንጃ እንግዲህ።»

ከጀርባው ሌሎቹ ጸጥ ብለው ያዳምጡ ነበር። አንድም ሰው ለማን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ መነገር ያለበትም አልመሰላቸውም።

«ለእሱ አይደለም፤ ለሴኞር ቫላዳሬስ ነው» አለች ዴኦሊንዳ።

ጄርሶን ማሰሪያውን ወደ ታች ሳብ አደረገው። «እንዴት? እኚያን ሰው አንድ ጊዜ ነው ያየኋቸው፤ ያኔም ተኝተው ነበር። እኔ ይህን አላደርግም።»

«ታደርጋለህ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ነበሩ።»

«እሺ፣ ጎል ካገባሁ ክንዴን ወደ ሰማይ...»

«ጎል ካገባህ ሩጥና ተመለስ፤ ማሊያህንም አታውልቅ። ካርድ ይሰጥሃል፤ ለሚቀጥለው ትፈለጋለህ።» እጅጌውን ወደ ላይ ሳበችለት፤ ማሰሪያውን ከስፌቱ መስመር ጋር አስተካከለችው። «ጎበዝ፤ ሂድ የኔ ልጅ።»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና ከዋናው ጥላ ፎቅ በላይ ነበረች። ዴኦሊንዳ በመተላለፊያው አፍ፣ ከተቀያሪ ተጫዋቾች ወንበር ጀርባ ቆመች። መዝሙሩ ተዘመረ፤ ተጨባበጡ፤ ሳንቲሙ ተወረወረ። ተጫዋቾቹ በመሐል ሜዳው ክብ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆሙ። አስተዋዋቂው የሴኞር ቫላዳሬስን ሙሉ ስም፣ አምስቱንም ቃል፣ በዝግታ አነበበ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። በዚያ አገር ሕዝቡ በኅሊና ጸሎት ጊዜ ዝም አይልም፤ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ከጥላ ፎቁ ተነስቶ ሜዳውን ዞረ። አንዳንዶቹ ስሙን አልሰሙትም ነበርና ለማን እንደሚያጨበጭቡ ጎረቤታቸውን ይጠይቁ ነበር። ኖርዌዮቹ ብቻ፣ አገራቸው እንደዚያ ስለሆነ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጭጭ አሉ። አርቪድ ዴኦሊንዳን ከወዲያኛው ወንበር አጠገብ አይቶ ራሱን ዝቅ አደረገላት፤ በጥቁር ልብሷ የሟች ዘመድ መስላዋለች። እሷም እጇን አላጨበጨበችም። ፋውስቱ ከቫላዳሬስ ልጅ ጎን ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ደቂቃው ሳይሞላ ዳኛው ፊሽካውን ደገመው፤ እንደዚህ ሲያጨበጭቡ ዳኞች ያሳጥሩታል። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ኔልያ ናት። አላነሳችውም።

ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። ጎሎቹ ሁለቱም በጭንቅላት ገቡ። ተጫዋቾቹ ሳይነጋገሩ ታጠቡና ሄዱ፤ ጄርሶን ማሰሪያውን ራሱ አጥፎ አስረከባት። ዴኦሊንዳ ጥቁሩ ቀለም ነጩን እንዳይነካው ማሰሪያዎቹን ለብቻ በባልዲ ዘፈዘፈች። ማሽኑ መዞር ሲጀምር ፋውስቱ መጣ። ከረባቱን ፈቷል። በሩ አጠገብ ካለው የኳስ ከረጢት ላይ ተቀመጠ።

«ኔልያ ደወለችልኝ። ስሙ አልተጠራም አለች፤ አለቀሰች። እንዴት ነው የማስረዳት?»

«ለእኔ እንዳስረዳኸኝ።»

«በሚቀጥለው ዙር... ማለቴ ካለፍን፣ እንደገና ኮሚሽነሩን እለምናለሁ። ምናልባት ሁለት ስም የሚፈቅድ ሰው ይደርሰናል።»

ዴኦሊንዳ እጇን በመሐረብ አደረቀች። «ሴትዮዋ አንድ ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀችህ። መጨመር ይቻላል አለችህ። አጠገብህ ነበርኩ።»

ማሽኑ ውሃውን እየሳበ አጉረመረመ።

«ልጁ ነው» አለ ፋውስቱ። «ለፈቃዱ ባንክ ዘንድ ዋስ ሆኖ የፈረመልን የቫላዳሬስ ልጅ ነው። የአባቴ ስም ከማንም ጋር አብሮ አይነበብም አለኝ። ከትጥቅ ያዥ ጋር አለኝ፣ በእነዚህ ቃላት። እምቢ ብዬው ቢሆን ዛሬ ጨዋታ የለም። ምን ላድርግ ሊንዳ? ኤርኩላኑ ቢሆን ይረዳኝ ነበር።»

«ይረዳህ ነበር። ሁልጊዜም ሲረዳህ ነው የኖረው።»

«ታዲያ...»

«ይህን ጠዋት ብትነግረኝ እኔም እረዳህ ነበር። ማሰሪያውን በእጄ አስርልህ ነበር። አንተ ግን ዓሣ እያበላህ፣ በእናትህ ምለህ፣ ለመንኳት አልከኝ።»

«አንቺስ እዚያው ነበርሽ። ከሰማሽ ለምን አልተናገርሽም?» አለ፤ ድምጹ ትንሽ ከፍ አለ። «ባልሽ እኮ ነው።»

«ወንድምህ ነው» አለች።

ፋውስቱ ተነሳ። ከዚያ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ። እሷ ማሰሪያዎቹን ከባልዲው አውጥታ ጨመቀች፤ ገመዱ ላይ አንድ በአንድ አሰጣች። የነገው ልምምድ ማሊያ ስላለ መብራቱን አጥፍታ ለመውጣት ገና ብዙ ይቀራት ነበር።

በሳምንቱ ኖርዌይ ላይ አንድ ለአንድ ተለያዩ፤ በድምሩ ወደቁ። መስከረም ላይ አዲስ ትጥቅ ያዥ ተቀጠረና ዴኦሊንዳ ቁልፉን አስረከበች። ፋውስቱ እሑድ እሑድ ለምሳ መምጣቱን ተወ፤ እሷም አልጠራችውም። የኤርኩላኑ ስም በዚያ ሜዳ ላይ እስከ ዛሬ አልተጠራም።